በጥቂት ገንዘብ የመጀመሪያ ፊልም ስለ መሥራት



ፊልም መሥራት የባለጸጋ ሥራ ነው የሚል አሳብ በመካከላችን ሰፍኖ ይኖራል። እኛም ባለፈው ዓመት አራት ሆነን፥ አንድ የእጅ ስልክ ይዘን፥ የስምንት ደቂቃ ፊልም ልንሠራ ተነሥተን ነበር። የጎደለን ከገንዘብ ይልቅ ጥንቃቄ መሆኑን ስለ ተረዳን፥ ከስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ልናካፍላችሁ ወደድን።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ከደጃቸው ተቀምጠውም ታሪኩን እያለቀሱ ነገሩን። ማታ ገብተን ብናዳምጠው፥ የደጋው ነፋስ ድምፃቸውን ጨርሶ ውጦታል። በማግሥቱ ሄደን እንዲደግሙልን ብንለምናቸው፥ «ልጆቼ፥ ትናንት ያለቀስሁት እኮ ለእናንተ ብዬ አይደለም» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ስለ ድምፅ ነው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ያለችን ገንዘብ ጥቂት ከሆነች፥ ከካሜራው አስቀድመን በልብስ ላይ የምትሰካ ማይክሮፎን እንግዛባት። እርሷም ከጠፋች፥ ሁለተኛ ስልክ ከተናጋሪው ደረት አጠገብ እናስቀምጥ፤ ነፋስ ሲበረታ ከቤት እንግባ። ከሁሉም በላይ ግማሽ ደቂቃ ቀርጸን በጆሮ ማዳመጫ ሳንሰማ ሥራ አንጀምር።

ሁለተኛው ስለ ብርሃን ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናትና፥ የቀትር ፀሐይዋ ትበረታለች፤ የሰውን ዓይን በጥላ ትሸፍናለች። ከጧቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት፥ ደግሞም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ግን ኪራይ የማይጠየቅበት መብራት ነው። በክረምት የሚሠራ ሰው የቀኑን ቁጥር እጥፍ አድርጎ ያስብ።

ሦስተኛ፥ ታሪኩ በእጃችን ባለው ነገር ልክ ይጻፍ። ሁለት ሰው፥ አንድ ቤት፥ አንድ የገበያ ቀን ይበቃል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን ያነሣው በጥቁርና ነጭ፥ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፥ ትወና ሙያቸው ያልሆነ ሰዎችን ይዞ፥ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለወጣው «ሳንኮፋ» አከፋፋይ ባጣ ጊዜም፥ አዳራሽ ራሱ እየተከራየ ለአሜሪካ ሕዝብ አሳይቷል። ችግር ሰበብ ሊሆነን እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን።

አራተኛ፥ የተቀረጸው ሁሉ በዚያው ማታ በሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ባትሪው አስቀድሞ ይሞላ። ከበጀቱም የምሳ ገንዘብ አይጉደል፤ ቀኑን ሙሉ ያስቸገርነውን ሰው ጦሙን ማሰናበት ነውር ነው።

በመጨረሻ የምናሳስበው ይህን ነው። ካሜራ ከማንሣታችን በፊት ፈቃድ እንጠይቅ፤ ሰው ኀዘኑን የሚሰጠን አንድ ጊዜ ነውና ተዘጋጅተን እንቅረብ። እኒያ እናት ንግግራቸውን ባይደግሙልንም፥ ስኒያቸውን ሲያጥቡ እንድናነሣቸው ፈቅደውልናል። ፊልሙ ገና አላለቀም። ሲያልቅ ግን ከዚህ አዳራሽ በፊት የሚታየው በእርሳቸው ቤት ነው።