በኡዝ ሸለቆ ላይ የቆመው የሸክላ ድልድይ

ከሎንዶን ወደ ብራይተን በምድር ባቡር የሚጓዝ ሰው በሰሴክስ አውራጃ የኡዝን ሸለቆ ሲሻገር በመስኮት የሚያየው ለምለሙን መስክ ነው እንጂ ተሸክሞ የሚያሳልፈውን ድልድይ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከባቡሩ አውርጄ በእግር ወደ ሸለቆው ግርጌ ልወስዳችሁ እወዳለሁ።

ሥራው የተጀመረው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን መግቢያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ሲሆን፣ በ1841 ባቡር ተሻገረበት። መሐንዲሱ ጆን ራስትሪክ ይባላል፤ በ1829 በሬንሂል በተደረገው የባቡር ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የነበረ ሰው ነው። የዚያ ዘመን ባቡር ዳገት ስለሚያስቸግረው፣ ሐዲዱ በ264 ሜትር መንገድ ከ1 ሜትር አብልጦ እንዳይወጣ ወሰነ። ኮረብታው እንዲበሳ፣ ሸለቆውም በድልድይ እንዲታለፍ ያስገደደው ይኸው ውሳኔ ነው።

ድልድዩ 450 ሜትር ርዝመት፣ 29 ሜትር ከፍታና 37 ቅስቶች አሉት። የገባበት ሸክላ ወደ 11 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ሆኖም ከዚህም ሊበዛ ይችል ነበር። ራስትሪክ ምሰሶዎቹን ድፍን አላደረጋቸውም። የእያንዳንዱን መካከል ክፍት ትቶ ከላይ በቅስት፣ ከታች ደግሞ በተገለበጠ ቅስት አያያዘው፤ የታችኛውም ቅስት ክብደቱን በመሠረቱ ላይ ያከፋፍለዋል። በአንደኛው ጫፍ ቆማችሁ በክፍተቱ ውስጥ ብትመለከቱ፣ በር በበር ውስጥ እየጠበበ ሲርቅ ታያላችሁ። ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህንኑ ነው፤ የተሠራው ግን ሸክላ ለመቈጠብ ነበር።

ለጌጥ የታሰበው ከላይ ያለው ነው። አርክቴክቱ ዴቪድ ሞካታ በግራና በቀኝ የተዋበ የድንጋይ አጥር፣ በሁለቱም ጫፎች በጠቅላላው 8 ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች አቆመ። ድንጋዩ የመጣው ከፈረንሳይ አገር ከካን ነው። ለስላሳ ስለሆነ ዝናብና ውርጭ በላው፤ ከ1996 እስከ 1999 ድረስም ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ታደሰ። እኔን ብትጠይቁኝ የቈጣቢውን መሐንዲስ ሥራ አስበልጣለሁ።

ወንዙንም ልንረሳው አይገባም። ለድልድዩ ከተፈለገው ዕቃ በርከት ያለው የመጣው በዚያው በኡዝ ላይ በጀልባ ተጭኖ ነበር። ጀልበኞቹ ኪራያቸውን ተቀብለው ጭነታቸውን ከምሰሶዎቹ ሥር አራገፉ። ድልድዩ ካለቀ በኋላ ግን የአገሩ ጭነት ወደ ባቡር ዞረ፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ ገደማም በላይኛው ኡዝ የጀልባ ንግድ ቀረ። አሁን ወንዙ ጠብቦ፣ ጀልባ ሳይታይበት፣ ከቅስቶቹ በታች ይፈሳል።