የእማዬ ሳጥን

እሷ፦ በሰው አገር እናቶች የሚሳሱለት ባለፀጉር ካፖርት ነው አሉ።

እሱ፦ እኛ አገር ደልጊማ ፀጉራም ልብስ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ነው፤ የበግ ቆዳ። ውሻ ሁሉ የሚጮህበት!

እሷ፦ የእማዬ ሀብት ጥበብ ቀሚሷ ነበር። ከሳጥኑ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ መሀሉ አሪቲ ተሸጉጦበት። ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች።

እሱ፦ መቼ ትለብሰዋለች?

እሷ፦ ጥር 11 ነዋ! «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ። አንድ ዓመት በጭቃ እጄ ነካሁት።

እሱ፦ ተገረፍሽ በይኛ።

እሷ፦ ዝም አለች። እሱ ባሰብኝ። ማታ በእንዶድ ቀስ አድርጋ አሸችው፤ ጥለቱ ላይ ግን ቢጫ ነገር ቀረ።

እሱ፦ የእኔ እናት ደግሞ ከባሕር ዳር በጀልባ የመጣ ሹራብ ነበራት። በዚያ ፀሐይ ሠርግ ለብሳው ትሄዳለች!

እሷ፦ ቀሚሱ አሁን እኔ ጋ ነው። ዛሬም አሪቲ አሪቲ ይላል።

እሱ፦ ለበስሽው?

እሷ፦ ወገቡ እንቢ አለኝ!