ሮቦቱ ያጸዳው ባቡር፣ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው አየር



በዛሬው ንግግሬ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የሕዝብ ማመላለሻዎችን ከተዋስያን ለማጽዳት ስለተሰማሩ ሮቦቶች አነሣለሁ። ዓላማዬ ማሽኖቹን ማወደስም ሆነ ማንኳሰስ አይደለም። ይልቁንም አንድ መሣሪያ የተሰጠውን ሥራ በሚገባ እየፈጸመ፣ ሥራው ራሱ ግን ከችግሩ እምብርት የራቀ ሊሆን እንደሚችል ማሳየት እፈልጋለሁ።

የሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅት ኤምቲአር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አቫሎን ባዮሜዲካል ከተባለ ኩባንያ ጋር በመተባበር ያዘጋጃቸውን 20 ሮቦቶች ሥራ ላይ አዋለ። ሮቦቱ በፉርጎዎቹ ውስጥ በራሱ እየተዘዋወረ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በጉም መልክ ይረጫል። ጉሙ የጽዳት ሠራተኛ ጨርቅ ከማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ኬሚካሉም በመጨረሻ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። ሠራተኛውም ጉሙን ከመተንፈስ ይድናል። ሆኖም ባለ 8 ፉርጎ ባቡርን አጽድቶ ለመጨረስ 4 ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል።

ኒው ዮርክ ደግሞ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአልትራቫዮሌት መብራቶችን በባቡሮቿ ላይ ሞከረች። በ254 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጨረር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ስለሚጎዳ እንዳይራባ ያደርገዋል። ነገር ግን ጨረሩ በቀጥታ ያላረፈበትን ገጽ አያጸዳም፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ጥላ ሳይነካ ይቀራል። ዓይንንና ቆዳንም ስለሚጎዳ ባቡሩ ባዶ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሌሊቱን ሲጸዳ ያደረ ባቡር ማለዳ በሩን ይከፍታል። ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች አንዱ በበሽታው የተያዘ ቢሆን፣ ከእስትንፋሱ ጋር የሚወጣውን ቫይረስ የሌሊቱ ጽዳት ሊያስቆመው ይችላልን? አይችልም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 እንዳስታወቀው፣ የተበከለ ገጽን አንድ ጊዜ በመንካት በኮቪድ-19 የመያዝ ዕድል በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው። ዋናው መተላለፊያ ተሳፋሪዎች የሚጋሩት አየር ነው።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲታዘዝ ታሪፉ በእጥፍ ጨምሮ ነበር። የርቀቱን ዋጋ የከፈለው ተሳፋሪው ነው ማለት ነው። መስኮት መክፈት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ «ብርድ ይመታኛል፣ ዝጋው» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር መሰማቱ አይቀርም። ይህን ሥጋት ሳይንቅ፣ አየሩ እየተለዋወጠ ነፋሱ ግን ተሳፋሪውን በቀጥታ እንዳይመታው የሚያደርግ መስኮት መንደፍ ለመሐንዲስ የሚመጥን ሥራ ነው።

ሮቦቱ ከንቱ ነው አላልሁም። እንደ ኖሮቫይረስ ያሉ ተዋስያን በተበከሉ ገጾች በኩል በቀላሉ ይተላለፋሉ፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝም ጠባዩ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ሥራችሁ ማሽን ከመንደፋችሁ በፊት በሽታው በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ጠይቁ። ማሽኑ ስንት ተዋስያን እንደገደለ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ሰው ከመታመም እንዳዳነም ለመለካት ተዘጋጁ። የከተማ ገንዘብ ውስን ነውና፣ ለሚታይ ጽዳት የወጣው ብር ለማይታየው አየር ሳይተርፍ ሊቀር ይችላል።