ከሐዋሳ ወደ አዋሽ በረሃ ለሚጓዙ

የዓመት ፈቃዳችሁን ተቀብላችሁ ከሐዋሳ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ብታስቡ፥ ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን፤ ጉዞውንም በሁለት ቀን ክፈሉት። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተው ነበርና፥ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ።

በመጀመሪያው ቀን በሻሸመኔ አልፋችሁ የአብያታና የሻላን ሐይቆች ተመልከቱ። ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ አብያታ ግን ውሃው እየሸሸ የቀድሞው ዳርቻ ነጭ ሜዳ ሆኗል። ሐዘን ቢሰማችሁም ሳታዩት አትለፉ። ማታ አዳማ ግቡ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ስትሆን፥ የአዋሽ ሜዳ ግን ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላልና ሙቀቱ ሌላ ነው። የምትጠጡትንና ለመኪናው የሚሆነውን ውሃ ለየብቻ ያዙ፤ አንዱን ለሌላው ማበደር በበረሃ ጠብ ያመጣል። ሳላን የምታዩት በማለዳ ነው፤ ቀትሩን በወንዙ ፏፏቴ አጠገብ አሳልፉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ፍጥነት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በሕግ የተከለለውን ይህን ፓርክ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰንጥቆት ያልፋል፤ አራዊቱም ሲሻገሩ በመኪና ይገጫሉ። ሳላ እንደ ከብት ከመንገድ የሚመልሰው እረኛ የለውም፤ ተስፋው የሾፌሩ ትዕግሥት ብቻ ነው። ሲመሽማ ከቶ አትንዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ገብታችሁ እደሩ።