አምስት ሳንቲምና አምስት ድምፅ

(በጅማ፥ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ፊልም ከታየ በኋላ የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



አሁን አብረን ያየነው ፊልም በ1959 በአሜሪካ የተሠራ ሲሆን፥ ስሙ «ዘ ፋይቭ ፔኒስ» ይኸውም «አምስቱ ሳንቲሞች» ማለት ነው። የሚተርከውም ሬድ ኒኮልስ የተባለውን የጃዝ ኮርኔት ነፊ ሕይወት ነው። በአሜሪካ «ኒክል» የምትባል የአምስት ሳንቲም ገንዘብ ስላለች፥ ሰውዬው በስሙ ተጫውቶ ባንዱን እንዲህ ብሎ ሰየመው። በፊልሙ ኒኮልስን ሆኖ የታየው ዳኒ ኬይ ነው፤ የሰማነው የኮርኔት ድምፅ ግን የራሱ የኒኮልስ ነው።

ዳኒ ኬይ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ሲዘፍን ሁላችንም ሣቅን። ባልና ሚስት ከከተማ ከተማ ሲዞሩ በአዳሪ ትምህርት ቤት የተተወችው ልጅ በፖሊዮ ስትታመም ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። አባት ሙዚቃውን ጥሎ መርከብ መሥሪያ ገባ። ይህ የፊልም ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ኒኮልስም በ1942 ባንዱን ትቶ መርከብ መሥሪያ ገብቷል። ወደ ሙዚቃው የተመለሰው በ1944 ነበር።

ጸጥ ያልነው ለአሜሪካዊው አዝነን ብቻ ነውን? አይመስለንም። ነገሩ ከቤታችን ስለገባ ነው።

የጃዝ ሰው ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለዱት በዚችው በጅማ ነው። ቤተ ሰባቸው ወደ ዌልስ የላካቸው ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሙዚቃን መረጡ፤ በሎንዶን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፥ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተማሩ። በ1966 በኒው ዮርክ «የኢትዮጵያ አምስት» ብለው በሰየሙት ባንድ ሸክላ አስቀረጹ።

የደከሙበት ጉዳይ ምን ነበር? ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፥ አራቱ ቅኝቶቻችን፥ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የምዕራባውያኑ ሙዚቃ ደግሞ በአሥራ ሁለት ድምፅ ይሠራል። በአምስቱ ላይ አሥራ ሁለቱን ያለ መጠን ቢጭኑበት ቅኝቱ ይጠፋል፤ ጨርሶ ባይነኩትም አዲስ ነገር አይገኝም። አምስቱ ሳይዋጡ አሥራ ሁለቱ እንዲያጅቧቸው ማድረግ ልክና ስሌት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህንንም ኢትዮ ጃዝ አሉት። እንግዲህ ምሕንድስናው ቀረ ያለ ማነው?

ነገር ግን ወንድሞችና እኅቶች፥ «ትምህርታችሁን ጥላችሁ ዝፈኑ» ለማለት አልተነሣንም። ሙላቱ የትምህርቱን ዓይነት ለወጡ እንጂ መማርን አልተዉም። ፍሬውም ቶሎ አልደረሰም። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላ በ1972 ወጣ፤ የውጭው ዓለም ሥራቸውን በሰፊው የሰማው ግን በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አራተኛ ቅጽ፥ በ2005ም «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ነው። የአገራችን ቡና እንኳ ከተተከለ በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ የት ይገኛል?

የእኛም ጭንቀት ይኸው ነው። ብዙዎቻችን የምንማረው በአጋሮ፥ በሊሙና በጌራ ቡና ለቅመው፥ አድርቀው፥ በጆንያ በሚሸጡ ወላጆች ድካም ነው። ከመካከላችን አንድ ወንድም ክራር ይመታል። አባቱ ለሄርማታ ገበያ መጥተው በዚያው ሊጠይቁት ብቅ ሲሉ፥ ክራሩን አልጋ ሥር ይደብቃል። እኛም ብርድ ልብስ ጣል እያደረግን ስንሸሽግለት፥ ስንሥቅም ኖረናል። አባት «ጥናት እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ልጅ «ደኅና ነው፥ አባባ» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን እኩሌታው ብቻ ነው።

ኒኮልስ ስለ ልጁ ብሎ ዝም አለ፤ ወደ ሙዚቃውም ሲመለስ ሚስቱና ልጁ አብረውት ቆሙ። የእኛ ወንድም ግን ዝም ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው። አባቱ እምቢ አላሉትም፤ ሰምተውት አያውቁምና። ሳይሰሙ ስለ ፈረድንባቸው የበደልናቸው እኛ ነን።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በዓመቱ መዝጊያ ምሽት ወላጆች ይጠሩ፤ የፊት ወንበርም ለእነርሱ ይሁን። የፈተና ውጤታችንን እንደምናሳያቸው ሁሉ ክራሩንም እናሰማቸው። ቢወዱት እሰየው፤ ባይወዱትም ሰምተው ይናገሩ።

ያ ወንድም ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ ስሙን አንጠራም። ብርድ ልብሱን ግን ከእንግዲህ አናውስም።