በልጆች እጅ የሚታወቁ አገሮች

እ.ኤ.አ. በ1982 በፍሎሪዳ የተከፈተው ኤፕኮት የተሰኘው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ በአንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ የ11 አገሮችን ፓቪሊዮኖች፣ ማለትም የየአገሩን ሕንፃ፣ ምግብና ጥበብ የሚያሳዩ ሰፈሮችን የያዘ ሲሆን፣ በእነዚህም ለልጆች ኪድኮት የሚባሉ የእጅ ሥራ ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል። ቀድሞ ልጆች በዘንግ ላይ የተለጠፈ የወረቀት ጭምብል ተቀብለው ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ቀለም ይቀቡትና ያስጌጡት ነበር፤ በኋላ ግን ቦታውን ስለየአገሩ የሚናገሩ ካርዶች ወስደውታል። ለውጡ ያሳዝናል፤ ካርድ የሚያነቡት ነገር ሲሆን ጭምብሉ ግን ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት ነበርና።

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን በጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ነው፤ ፓርኩ በብዙዎቹ ፓቪሊዮኖች ከየአገሩ የመጡ ወጣቶችን ለተወሰነ ጊዜ የማሠራት ልማድ ስላለው፣ አንድ ልጅ ስሙ በቻይንኛ ወይም በጃፓንኛ ፊደል ሲጻፍ ከባለ ፊደሉ አጠገብ ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃልም።

እ.ኤ.አ. በ1984 በተከፈተው የሞሮኮ ፓቪሊዮን ደግሞ ግድግዳዎቹን ያስጌጡት ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን ከአገራቸው የላኳቸው የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ናቸው። የተጠቀሙበትም ጥበብ ዘሊጅ ይባላል፤ ይኸውም በቀለም የተለበጠ የሸክላ ንጣፍ በመዶሻ እየተጠረበ በጥቃቅን ቅርጾች ከተቆረጠ በኋላ ክፍተት ሳይተው ኮከብና ማዕዘን እየሠራ የሚገጣጠምበት አሠራር ነው። ባለቀለም ወረቀት በመቀስ ቆርጦ ያንኑ ኮከብ ለመግጠም የሞከረ ልጅ፣ ከፊቱ ያለው ግድግዳ ምን ያህል ትዕግሥትና ስሌት እንደጠየቀ በጣቶቹ ያውቀዋል።