የወገብ ሕመም ታሪክና መዝገብ ያላገኘው ሸክም

የወገብ ሕመምን የጥንት ታሪክ በሩጫ አልፈዋለሁ፤ ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ኤድዊን ስሚዝ የተባለው የግብፅ የሕክምና ፓፒረስ የሚቋረጠው የወገብ አከርካሪ ወለምታን ሲያብራራ ነው፤ ገልባጩ ሳይጨርሰው ብዕሩን ጥሏል። በ1764 ጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ኮቱኞ ከዳሌ ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም ከነርቭ ጋር አያያዘው። በ1866 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ኤሪክ ኤሪክሰን የባቡር ግጭት አከርካሪን እንዴት እንደሚጎዳ ጻፈ፤ ካሳ ጠያቂውና የባቡር ኩባንያውም ፍርድ ቤት ተፋጠጡ። በ1934 ሚክስተርና ባር ቦስተን ላይ የፈነዳ ዲስክ ነርቭ እንደሚጫን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲስክ ነው» ይባላል። በ1994 ግን ወገባቸውን ምንም የማያማቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል።

ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዴቪድ አለንና ጎርደን ዋዴል በ1989 ባወጡት የታሪክ ጽሑፍ፣ የወገብ ሕመም ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ አዲሱ ነገር ሰውን ከሥራ ማስቀረቱ ነው፣ ይህም የምዕራቡ ዓለም የቅርብ ጊዜ ጣጣ ነው ይላሉ። ኧርነስት ቮሊን ደግሞ በ1997 ሕመሙ በናይጄሪያ፣ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ ገበሬዎች ዘንድ ከስዊድንና ከጀርመን በእጥፍና ከዚያ በላይ እንደሚያንስ አሳይቶ፣ ከባድ ጉልበት ብቻውን መንስኤ መሆኑን ተጠራጠረ። ሁለቱም ጽሑፎች ጠንቃቃ ናቸው። ነገር ግን የሚቆጥሩት ወረቀት ላይ የሰፈረውን ነው። በሰቆጣ አካባቢ፣ በዝቋላ ወይም በደሃና ቁልቁል ወርዳ ውሃ የምትቀዳን ሴት ተመልከቱ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ገመዱን ደረቷ ላይ ታስራለች፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን ትወጣለች፣ ቤት ስትደርስ ልጁ አንቀልባውን ይጠብቃል። ወገቧን ቢቆርጣት ለማን ታመለክታለች? የሕመም ፈቃድ የላትም፣ ካሳ የሚከፍላት የለም፣ ውሃው ካልመጣ ደግሞ እራት አይሠራም። ስለዚህ ሥራዋን አትፈታም፤ ሥራ ያላስፈታ ሕመም ደግሞ በአለንና በዋዴል ሚዛን አይነሳም። ባቡር የወገብ ሕመምን አልፈጠረም፤ ሕመሙ የሚጻፍበትን መዝገብ ፈጠረ እንጂ። በ2007 የወጣው የአፍሪካ ጥናቶች ግምገማም ይህንኑ ያሳያል። ከ27ቱ ጥናቶች አብዛኞቹ ከደቡብ አፍሪካና ከናይጄሪያ የመጡ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ ያተኮሩት በሠራተኞች ላይ ነው። በአገራችንም ከተጠኑት መካከል የአዲስ አበባ ነርሶችና የጎንደር መምህራን ይገኛሉ። በብዛት የሚቆጠረው ወገብ ደመወዝ ያለው ነው።

«መንስኤው ሸክም ከሆነ የፊንላንድ መንትዮች ለምን አያረጋግጡትም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1995 በ115 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ላይ የተሠራው ጥናት የዲስክን መበላሸት ከሥራ ክብደት ይልቅ የዘር ውርስ በእጅጉ እንደሚወስነው አሳየ። ዳሩ ግን የለካው የዲስኩን ማርጀት እንጂ ሕመሙን አይደለም፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አለመሆናቸውን ከላይ በ98ቱ ሰዎች አይተናል። መንትዮቹም ወንዶች ናቸው፣ የቧንቧ ውሃ ባለበት አገር የኖሩ። ሸክም ወገብን እንዴት እንደሚጫን ለማየት የእርከን ድንጋይን ስሌት ላሳያችሁ። ከ2005 ጀምሮ በሴፍቲኔት ሥራ እርከን የሚሠራ ሰው 20 ኪሎ ድንጋይ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ፣ ድንጋዩ ከወገብ መገጣጠሚያው 40 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ 5 ሳንቲሜትር ላይ ያለው የጀርባ ጡንቻ ሚዛኑን ለመጠበቅ 160 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት፤ የገላው ክብደት ሳይታከል። አንድ ጊዜ ከሆነ ጤነኛ ወገብ ይችለዋል። እኔ መንስኤ የምለው ዕረፍት አልባ ድግግሞሹን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። የኩላሊት ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ወገብ ያማል፣ እውነት ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከጎድን በታች በአንድ በኩል ሆኖ፣ ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ ይዞ ነው። ጎንበስ ሲሉ የሚብሰው አብዛኛው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። ይባስ ብሎ «ለኩላሊቴ» ተብሎ ሳይታዘዝ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ፣ ሲዘወተር ኩላሊትን ራሱን ይጎዳል።

ስለ ሸክም ያልኩትን ልድገመው፤ ምክንያቱም ሲጠቀስ ይዛባል። ሸክም ብቻውን ሁሉን ያብራራል አላልኩም። ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙ ያህል የተለየ የአካል ጉዳት አይገኝባቸውም፤ የዘር ውርስ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትም ድርሻ አላቸው። የምለው፣ የጉልበት ሠራተኛውን ወገብ ሳይመዘግቡ ጉልበትን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣት አይቻልም ነው።

ሰዓቱ ስለገፋኝ የመጨረሻውን ጠቅልዬ ልለፈው። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 የገለጸው ጉብጠትና የእግር መድከም የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ዛሬም አለ፣ በመድኃኒት ይድናል። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ያለበት ሰው በወጌሻ ሳይታሽ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው በዚያኑ ዕለት። በአበርገሌ የፍየል አገር ደግሞ ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያስከትላል፤ ሐኪሙ ወተቱን እንዴት እንደምትጠጡ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት።